የትንሿ ጣት ጉብታ፦ የአንዲት አስተናጋጅ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ

ታካሚዋ የ37 ዓመት ሴት ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ትሠራለች። ወደ አጥንት ሕክምና ክፍላችን ያመጣት በቀኝ እግሯ ውጪኛ ጠርዝ፣ ከትንሿ ጣት ሥር የወጣ ጉብታ ነው። ጉዳይዋን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን ሊጠቁሙ የሚችሉ ዝርዝሮችን ግን ቀይሬያለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሕመሙ በየቤቱ መኖሩና ብዙ ሰው «የጫማ ነገር ነው» እያለ ለዓመታት ተሸክሞት መኖሩ ነው። መፍትሔ ፍለጋ ሲነሣም ብዙ ጊዜ የማይጠቅመውን ነገር ይለምናል።

የእሷን ልመና የተናገሩላት አብረዋት የመጡት ታላቅ እህቷ ናቸው። ገና ካልሲዋን ሳታወልቅ፣ «ዶክተር፣ ይቺን ጣት ለምን አትቆርጡላትም? ምን ሥራ አላት? ትገላገል እንጂ» አሉኝ። ታካሚዋም አንገቷን ደፍታ፣ «እትዬ እውነቷን ነው፤ እኔም መሮኛል» አለች።

ይህን ጥያቄ ስሰማ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ጥያቄው የድካም ጥያቄ ነው፤ ሰው አካሉን ቆርጦ ለመጣል የሚፈቅደው ሌላው ሁሉ ሲያቅተው ነው። ስለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት እግሩን ላየው ፈለግሁ።

ሕመሙ የጀመረው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ላይ ሥራ ስትጨርስ ብቻ ቦታው ይቀላ ነበር። አሁን ግን ሥራ በገባች በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጀምራታል፤ ፈረቃዋ ደግሞ አሥር ሰዓት ነው፣ ያውም በቁም። የደንብ ልብሱ አካል የሆነው ጫማ ጥቁር፣ ሽፍን፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ ቆዳ ነው። በዕረፍቷ ቀን ነጠላ ጫማ አድርጋ ስትውል ሕመሙ የለም። ከነገረችኝ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ይህ ነው፤ ጫማ ሲወልቅ የሚጠፋ ሕመም ከግፊት እንጂ ከመገጣጠሚያ በሽታ የሚመጣ አለመሆኑን ይጠቁማል። እናቷም እንዲሁ ዓይነት እግር እንደነበራቸው፣ ሆኖም ዕድሜያቸውን ሙሉ ገጠር በባዶ እግርና በሰፊ የጎማ ጫማ ስለኖሩ አንድም ቀን አሞኝ ሲሉ እንዳልሰማች ነገረችኝ። ቅርጹ በዘር ሊመጣ ይችላል፤ ወደ ሕመም የሚቀይረው ግን ብዙ ጊዜ ጫማው ነው።

እስከዚያ ድረስ የሞከረችው ብዙ ነው። ወጌሻ አሽቷታል። ከመድኃኒት ቤት ጠንካራ ቆዳ የሚያነሣ የአሲድ ፕላስተር ገዝታ ለጥፋለች፤ ፕላስተሩ ጤነኛውን ቆዳ ጭምር አቃጥሎ ቁስል ፈጠረባት፤ ቁስሉም ሁለት ጊዜ መግል ይዞ ነበር። ለወራት ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ስትወስድ ቆይታ ጨጓራዋን ማቃጠል ጀምሯታል። እኔ ዘንድ ስትመጣም በጉብታው ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ያልደረቀች ቁስል ነበረች።

እግሯን የመረመርሁት አስቁሜ ነው። የተቀመጠ ሰው እግር ይዋሻል፤ ክብደት ሲያርፍበት የአጥንቶቹ መዘርጋት ይገለጣል። ስትቆም የእግሯ ፊት እንደ ማራገቢያ ተከፈተ፤ የውጪኛው ጠርዝ ወደ ውጭ ወጣ፣ ትንሿ ጣት ደግሞ በተቃራኒው ወደ አራተኛዋ ተጠጋች። ከጉብታው ጎንና ከሥሩ ቆዳው ደድሯል። በቆዳውና በአጥንቱ መካከል ያለችው ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ከረጢት አብጣለች። የእግሯ የደም ትር በሚዳሰስባቸው በሁለቱም ቦታዎች ጥሩ ይመታል። በቀጭን ናይለን ክር እግሯን ስነካካ ዓይኗን ጨፍና ሁሉንም ነጥብ አወቀች። ደሟ ውስጥ ያለው ስኳርም ጤናማ ነው። ይህን መፈተሽ በአገራችን ግዴታ ይመስለኛል። የስኳር ሕመም ወይም ሥጋ ደዌ ያደነዘዘው እግር በዚሁ ቦታ ላይ ቁስል ሊያወጣ ይችላልና። እንዲህ ያለ እግር ሕክምናው ሌላ ነው፤ ቸኩሎ ቢላ ማንሣት እግሩን እስከማሳጣት ሊያደርስ ይችላል።

ከዚያ እስክርቢቶ አነሣሁና ትንሿ ጣት የምትጀምርበትን መስመር በቆዳዋ ላይ አሰመርሁ። ጣቷን ራሷን ከሁሉም አቅጣጫ ተጫንኋት፤ ምንም አላለችም። ከመስመሩ ወደ ተረከዝ በኩል ያለውን ጉብታ ስጫን ግን እግሯን ነጠቀችኝ። እህትየውን ጠጋ እንዲሉ ጋበዝኋቸውና አሳየኋቸው፦

«ይኸውልዎ፣ ጣቷ እዚህ ላይ ታበቃለች። የሚያማት ከመስመሩ ወዲህ ያለው ነው። ጣቷን ብንቆርጣት ጉብታው እዚሁ ይቀራል፤ እንዲያውም ከፊቱ የሚከልለው ስለማይኖር ጫማው የባሰ ያገኘዋል።»

እህትየው ለረጅም ጊዜ መስመሩን ሲያዩ ቆዩና፣ «ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጣቷን ስንወቅሳት ኖረናል?» አሉ።

ጉብታው የአምስተኛው ሜታታርሳል ራስ፣ ማለትም በጣት በኩል ያለው ክብ ጫፉ ነው። ሜታታርሳል የምንላቸው ከእግር መሃል ተነሥተው ወደ ጣቶቹ የሚዘልቁት አምስት ረዣዥም አጥንቶች ናቸው፤ የትንሿ ጣት አጥንቶች ከአምስተኛው ጫፍ ላይ ይቀጠላሉ። በጤናማ እግር አራተኛውና አምስተኛው እምብዛም አይራራቁም፤ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ማዕዘኑ ከ9 ወይም ከ10 ሲያልፍ የአምስተኛው ራስ ወደ ጎን እየገፋ ይወጣል፤ ሽፍን ጫማ ደግሞ መልሶ ይገፋዋል። ድሮ አውሮፓ ውስጥ እግራቸውን አጣምረው መሬት ላይ ተቀምጠው ሲሰፉ የሚውሉ ልብስ ሰፊዎች የእግራቸው ጠርዝ ወለሉን ስለሚጫን ሕመሙ በእነሱ ዘንድ ይታወቅ ነበር። በሕክምና ጽሑፍ ራሱን ችሎ ሰፋ ባለ መልኩ የቀረበው ግን ዘግይቶ፣ በ1949 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዴቪስ የተባለ ሐኪም በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ሲጽፍበት ነው።

ራጁን ያዘዝሁት ቆማ እንዲነሣ ነው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ታካሚዎች ተኝተው የተነሣ ራጅ ይዘው ስለሚመጡና በዚያ ላይ የሚለካ ማዕዘን ከእውነተኛው ስለሚያንስ ነው። የእሷ ቀኝ እግር 13 ዲግሪ፣ ግራው 11 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። የአጥንቱ ራስ መጠን ጤናማ ነው፤ አላበጠም፣ አልወፈረም። የአጥንቱ ግንድም ቀጥ ያለ ነው፤ አልጎበጠም። ችግሩ አጥንቱ ከነሙሉ ርዝመቱ ከአራተኛው መራቁ ነው።

ይህ ልዩነት የሕክምናው ሁሉ መሠረት ነው። ከውጭ ሲታይ አንድ የሚመስለው ጉብታ ከውስጥ በሦስት መንገድ ይመጣል፦ አንዳንዱ ሰው የአጥንቱ ራስ ተልቆበት፣ አንዳንዱ የአጥንቱ ግንድ ወደ ውጭ ጎብጦበት፣ አንዳንዱ እንደ እሷ አጥንቱ እንዳለ ተዘርግቶበት። ቆዳውን ብቻ አይቶ የሚቆርጥ ሐኪም ሦስቱንም አንድ ዓይነት ያክማቸዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ይድናል፣ ሁለቱ ተመልሰው ይመጣሉ።

ወዲያው ግን ወደ ቀዶ ሕክምና አልሄድንም። አንደኛ ያልደረቀ ቁስል ባለበት ቆዳ ሥር አጥንት መቁረጥ ኢንፌክሽንን ወደ አጥንቱ መጋበዝ ነው። ሁለተኛ ብዙ ሰው ጫማ በመቀየር ብቻ ይድናል፤ ያለ ቢላ መዳን የሚችልን ሰው ቢላ ሥር ማስተኛት ትክክል አይደለም።

ነጭ ወረቀት መሬት ላይ አንጥፌ ባዶ እግሯን አስቆምኋትና ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርሁ። ከዚያ የሥራ ጫማዋን በሥዕሉ ላይ አስቀመጥሁት። በትንሿ ጣት በኩል የእርሳሱ መስመር የአውራ ጣት ስፋት ያህል ከጫማው ውጭ ቀረ። በየቀኑ አሥር ሰዓት እግሯ የሚታጠፈው ያንን ያህል ነበር ማለት ነው። ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርገው የሚችል ፈተና ነውና ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት፤ ከሰዓት በኋላ፣ እግር በውሎው ካበጠ በኋላ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ለአሠሪዎቿ ደብዳቤ ጻፍሁላት፤ ጫማውን ራሷ እንድትመርጥ ወዲያው ባይፈቅዱም፣ ያንኑ ጫማ ጫማ ሠሪ በእንጨት ቅርጽ ወጥሮ ጉብታው ጋ እንዲያሰፋላት ተስማሙ። ዲክሎፌናኩን አስቆምኋት። የደደረውን ቆዳ በየጊዜው እየመጣች አነሣንላት፤ መሃሉ ክፍት የሆነ ለስላሳ መከለያ በጉብታው ዙሪያ አደረግን። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ደረቀ፤ ሕመሙም ቀነሰ። ነገር ግን በአምስተኛው ወር መጨረሻ ላይ ሕመሙ ከፈረቃዋ አጋማሽ በኋላ መመለሱን አልተወም። በዚህ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ማሰብ ተገቢ ሆነ።

ከታካሚዋና ከእህቷ ጋር ስለ ምርጫዎቹ ረጅም ሰዓት ተነጋገርን። ሰው የሚቆረጠውን የማወቅ መብት አለው፤ ያወቀ ታካሚ ደግሞ በማገገሚያው ወራት ይታገሣል።

ቀላሉ ጉብታውን ከጎን መላጨት ነው። አጥንት አይሰበርም፣ ብሎን አይገባም፣ ታካሚው በቶሎ ይራመዳል። የአጥንቱ ራስ ለተለቀበት ሰው ጥሩ ነው። ለእሷ ግን 13ቱን ዲግሪ እንዳለ ይተወዋል፤ አጥንቱ አሁንም ወደ ጫማው እየገፋ ይኖራል። የአጥንቱን ራስ ጨርሶ ማውጣት የሚባልም አለ። ሕመሙ ይጠፋ ይሆናል፤ ሆኖም ያ ራስ ይሸከመው የነበረው ክብደት ወደ አራተኛው ራስ ይሻገርና ውስጥ እግር ላይ አዲስ ሕመም ይወልዳል፤ ጣቷም ድጋፍ አጥታ ታጥራለች። በቁም ሥራ ለሚኖር ሰው ይህን አልመክርም።

አጥንቱን ከሥሩ፣ ከእግር መሃል አጠገብ ቆርጦ ማዞር በሒሳብ ሲታይ ይማርካል፤ ሥሩ ላይ ጥቂት ማዞር ጫፉን ብዙ ያንቀሳቅሰዋል። ችግሩ ያ አካባቢ የደም አቅርቦቱ ደካማ ነው። ይህን ሐኪሞች የተማሩት ከስብራት ነው፦ ብሪታንያዊው የአጥንት ሐኪም ሮበርት ጆንስ ሲደንስ የገዛ አምስተኛ ሜታታርሳሉን ከሥሩ አጠገብ ሰብሮ በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ስብራቱ ጻፈ። ስሙ የተሰጠው ያ ስብራት እስካሁን ድረስ ሳይገጥም በመቅረት ይታወቃል፤ ኳስ ተጫዋቾችን ለወራት ከሜዳ የሚያርቀው አንዱ እሱ ነው። ተፈጥሮ ስትሰብረው ለመግጠም የሚቸገርን ቦታ በፈቃዴ የምሰብርበት ምክንያት አላገኘሁም።

የቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ከራሱ ጀርባ፣ አንገቱ ላይ በ«ቪ» ቅርጽ ቆርጦ ራሱን ወደ ውስጥ መግፋት። ለትንሽና ለመካከለኛ ማዕዘን የታወቀ ሥራ ነው፤ ራሱ ግን ከግንዱ ጋር ያለውን ንክኪ እንዳያጣ የሚገፋው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሁለተኛው የግንዱን መሃል በሰያፍ ረጅም አድርጎ ቆርጦ የፊተኛውን ቁራጭ ወደ አራተኛው ማዞር ነው፤ አሜሪካዊው የእግር ቀዶ ሐኪም ማይክል ኮፍሊን በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያቀረበው ዘዴ ነው። የተቆረጠው ገጽ ሰፊ ስለሆነ አጥንቱ በደንብ ይገጥማል፣ ሁለት ብሎን ይይዘዋል፣ ትልቅ ማዕዘንም ያስተካክላል። ለ13 ዲግሪ ይህንን መረጥሁ። በሌሎች አገሮች በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ በቀስታ በሚሽከረከር መቁረጫ የሚሠራም አለ፤ መሣሪያው በእጃችን ስላልነበረ አላሰብንበትም።

ጊዜውን የመረጠችው እሷ ናት። «ዶክተር፣ ሁዳዴን ልስገድና ከፋሲካ በኋላ ይሁንልኝ» አለችኝ። ለእኔም ተስማማኝ፤ በስግደት ጊዜ ጣቶች ታጥፈው ክብደት ይሸከማሉ፤ አዲስ የተቆረጠ አጥንት ያንን አይችልም። ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ደግሞ ስድስቱ የማገገሚያ ሳምንታት ክረምቱ ሳይጠና ያልቃሉ። ፋሻ ያለበት እግር ይዞ የሐምሌን ጭቃ መሻገር ለቁስሉ መልካም አይደለም።

የገንዘቡም ነገር ተነጋግረንበታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ ሲታመም የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ያሉት ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። የአስተናጋጅ ገቢ ግን ከደመወዙ ይልቅ ቲፑ ነው፤ እሱን አዋጅ አይተካውም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ወር ተኩል እንደማትሠራ በግልጽ ነገርኋት፤ ዕቁቧ ቀድሞ እንዲወጣላት ከሰብሳቢዋ ጋር ተስማማች። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይህ የሐኪም ሥራ አይደለም ይላሉ። እኔ ግን ታካሚ በአራተኛው ሳምንት ወደ ሥራ የሚሮጠው መመሪያውን ስለናቀ ሳይሆን የቤት ኪራይ ስለደረሰበት እንደሆነ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገው ቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ብቻ በተሰጠ ማደንዘዣ ነው። ነቅታ ነበር፤ በመጋረጃው ወዲያ ሲስተሯ ስለ ልጇ ትምህርት እየጠየቀቻት ታጫውታታለች። መጋዙ ሲነሣ ድምፁ እንደሚያስፈራ ቀድሜ ነግሬያት ስለነበር «ይሄ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ «ይሄ ነው» አልኋት፤ ሌላ አልተናገረችም።

ቆዳውን ከትንሿ ጣት ሥር ጀምሬ በእግሯ ጠርዝ ወደ ተረከዙ ከፈትሁ። እዚህ ላይ የሚያስፈራው ለእግር ውጪኛ ጠርዝ ስሜት ከሚሰጠው ከሱራል ነርቭ የሚመጣው ቀጭን ክር ነው፤ ከቁርጡ ከፍ ብሎ ያልፋል፣ ከተጎዳ ደግሞ የጠባሳው ሕመም ከመጀመሪያው ሕመም ሊብስ ይችላል። ፈልጌ አገኘሁትና ወደ ላይ አሸሸሁት። ትንሿን ጣት ወደ ውጭ የምትስበውን ጡንቻ ወደ ታች አወረድሁ፤ የመገጣጠሚያውን ሽፋን ከፍቼ ከራሱ ጎን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ላጨሁ። የአጥንቱን ልባስ አስፍቼ አልገፈፍሁትም፤ ደሙ የሚመጣው በእሱ በኩል ነው።

ቁርጡ ከላይኛው ገጽ ተረከዝ በኩል ጀምሮ ወደ ታችኛው ገጽ ጣት በኩል ያዘቀዝቃል። መጋዙ ሲሠራ ረዳቴ ሳያቋርጥ ጨው ውሃ ያፈስበታል፤ ምላጩ ከጋለ የአጥንቱ ጠርዝ ይሞታል፣ የሞተ ጠርዝ ደግሞ አይገጥምም። ቁርጡ ከማለቁ በፊት የመጀመሪያዋን ብሎን ቦታ በስቼ አዘጋጀሁ። ከጨረስሁ በኋላ ብሎኗን አስገብቼ ላላ አድርጌ ተውኋት፤ የፊተኛው ቁራጭ በእሷ ዙሪያ ይዞራል። በአውራ ጣቴ ራሱን ወደ አራተኛው ገፋሁት፣ በሲ-አርም (በቀዶ ሕክምናው መሃል በሚያሳይ የራጅ መሣሪያ) አየነው፣ ትንሽ ጨመርሁ፣ ከዚያ አጠበቅሁ። ሁለተኛዋ ብሎን ገባች። ቁራጩ ሲዞር ከጎን የተረፈችውን የአጥንት ጠርዝ ቆርጬ አለሰለስሁ።

ከመስፋቴ በፊት የማልዘለው አንድ ነገር አለ። የእግሯን ፊት ከሥር በመዳፌ ደግፌ ቁርጭምጭሚቷን ቀጥ አደረግሁና አምስቱን ራሶች ከውስጥ እግር በኩል በአውራ ጣቴ ተራ በተራ ዳሰስሁ። አምስተኛው ከፍ ብሎ ከቀረ አራተኛው ብቻውን ይሸከማል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ እሱ ራሱ ይቆስላል። ራጅ ይህን በደንብ አያሳይም፤ እጅ ያውቀዋል። ተስተካክሎ ስላገኘሁት የመገጣጠሚያውን ሽፋን ጠበቅ አድርጌ ሰፋሁት፣ ቆዳውንም ዘጋሁ።

የማገገሚያው መመሪያ አጭር ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሩ ከልብ ከፍ ብሎ ይዋል፤ ለስድስት ሳምንት ሶሉ በማይታጠፍ ጫማና በክራንች ተረከዝ ብቻ ይረገጥ፤ ስፌቱ በሁለተኛው ሳምንት ይወጣል። መመሪያው ወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ጠያቂ አለ። የታመመን ሰው ጎረቤቱም ዘመዱም ይጠይቃል፤ የቤቷ እመቤት ደግሞ ቡና ሳታፈላ እንግዳ መሸኘት ያሳፍራታል። ስለዚህ በግልጽ፣ «ጠያቂ ሲመጣ እንዳትነሺ» አልኋት። ጣቷ ትቆረጥ ይሉ የነበሩት እህቷ ይህን እንደ ሥራ ያዙት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቷ ገብተው ቡናውን ራሳቸው አፈሉ፣ እሷንም ከአልጋ አላስነሧትም። የጾም ወቅት አልነበረምና ስለ ምግብ ብዙ አልተጨነቅንም፤ ጾም ቢሆንም ኖሮ ምስሩም ሽሮውም ለቁስል በቂ ነው እላት ነበር።

በአራተኛው ሳምንት የአጎቷ ሞት ተሰማ። ለቅሶ ሄደች፤ ድንኳን ውስጥ መቀመጥ ቢቻልም ለቀስተኛ ሲገባ መነሣቱ፣ ሲወጣ መሸኘቱ አልቀረላትም። በማግሥቱ እግሯ አብጦ፣ ቀልቶ መጣች። ፊቷ ላይ ከሕመሙ ይልቅ ፍርሃት ነበር፤ «ዶክተር፣ አጎቴ ናቸው፤ እንዴት ልቀር?» አለች። አልተቆጣኋትም። ለቅሶ መቅረት አይቻልም፤ እኛም ይህን እያወቅን ነው መመሪያ የምንሰጠው። ራጅ አነሣናት፤ ብሎኖቹ አልተነቃነቁም፣ አጥንቱም ከቦታው አልሸሸም። ሰፊ ቁርጥና ሁለት ብሎን መምረጣችን እዚህ ላይ ጠቀመ፤ በአንድ ቀጭን ሽቦ ብቻ የተያዘ ቁርጥ ያንን ቀን መቋቋሙን እጠራጠራለሁ። እግሯን ከፍ አድርጋ አንድ ሳምንት እንድትተኛ አደረግን፤ እብጠቱም ወረደ።

በስድስተኛው ሳምንት ቁርጡን ከላይ ስጫነው አላመማትም፤ በራጁም ላይ መስመሩ መደብዘዝ ጀምሯል። ማዕዘኑ 6 ዲግሪ ሆኗል። በሰፊ የሸራ ጫማ ሙሉ እግሯን መርገጥ ጀመረች። ጣቷን ወደ ላይና ወደ ታች በእጇ እያንቀሳቀሰች እንድታለማምዳት ነገርናት፤ መገጣጠሚያው ከተተወ ይደርቃል። ወደ ሥራ የተመለሰችው በአሥራ አንደኛው ሳምንት ነው፤ በመጀመሪያው ወር በግማሽ ፈረቃ። ሆቴሉም በዚህ ጊዜ አፍንጫው ሰፋ ያለ ጥቁር ጫማ ራሷ ገዝታ እንድትጠቀም ፈቀደላት። ማታ ማታ የሚመጣው እብጠት እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሆኖም አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ ቀዶ ሕክምናው እንደከሸፈ ይቆጥረዋል።

ዓመት ሲሞላት ያየሁት እንዲህ ነው። አሥር ሰዓት ቆማ ትውላለች፤ ጉብታው ጋ ሕመም የለም። የደደረው ቆዳ ለስልሷል። በአራተኛው ራስ ሥር አዲስ የደደረ ቆዳ የለም፤ እኔን ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ይህ ነው። ከትንሿ ጣት ውጪኛ ጎን ላይ አንዲት ትንሽ ቦታ ደንዝዛ ቀርታለች፤ ነርቩን ብናሸሸውም በመሳቡ ተነክቷል። ጣቷም ከግራዋ ይልቅ በትንሹ ትደርቃለች። ብሎኖቹ ስለማይቆረቁሯት እንዳሉ ይቀራሉ፤ ለማውጣት ብቻ ሌላ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም። ሾጠጥ ያለውን ጫማ ለሠርግ እንኳ እንዳታደርግ ነግሬያታለሁ፤ የተስተካከለ አጥንት ጠባብ ጫማን አያሸንፍም።

በዚያ ቀን እህቷም አብረዋት ነበሩ። አሁን ጥያቄያቸው ሌላ ነበር፦ «ዶክተር፣ ግራዋንስ መቼ ነው የምትሠሩላት?» ግራ እግሯ 11 ዲግሪ እንደነበር አስታውሰው ነው፤ ጉብታውም በዓይን ይታያል። ታካሚዋን በግራ እግሯ ያማት እንደሆነ ጠየቅኋት። «በአዲሱ ጫማ ምንም አይለኝም» አለች። ተጫንሁት፤ አላመማትም። ቆዳው ለስላሳ ነው፣ አልቀላም። ለማያምም እግር መጋዝ እንደማላነሣ፣ ስድስት ሳምንት ክራንች፣ የተቀነሰ ደመወዝና ሊደነዝዝ የሚችል ቆዳ ለመልክ ብቻ የሚከፈል ዋጋ እንዳልሆነ ነገርኋቸው። የግራ እግሯን ቅርጽ በወረቀት ላይ አሰመርሁና ሥዕሉን ለታካሚዋ ሰጠኋት፤ ጫማ ስትገዛ ይዛው እንድትሄድ፣ ቦታው ከቀላ ወይም ማመም ከጀመረ ደግሞ ቁስል ሳይሆን እንድትመጣ።